ከቆርቆሮው ሥር፦ የኮርኒስ አጭር ታሪክ

በማኅበራችን የአንዲት አባል ቤት ሊጠገን ሲታቀድ ገንዘቡ ካጠረ መጀመሪያ የሚሰረዘው ኮርኒስ ነው። ቆርቆሮው፣ ምስማሩና በሩ ይገዛሉ፤ ኮርኒሱ ግን «ጌጥ ነው፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። የቤቶቻችንን ታሪክ ስንመለከት ኮርኒስ የገባው ለጌጥ ሳይሆን የሳር ክዳን ይሠራው የነበረውን ሥራ ለመተካት ነው።

እናቶቻችን የኖሩበት ጎጆ በንብርብር የተሠራ ቤት ነበር። በምሰሶው ላይ ወጋግራ ይዘረጋል፣ በወጋግራው ላይ ማገር ይታሰራል፣ ከዚያ ሳሩ ተደራርቦ ይከደናል። በሳሩ መካከል ብዙ አየር ይያዛል። ተይዞ የተቀመጠ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የቀኑ ሐሩር ቶሎ አይገባም፣ የምድጃውም ሙቀት ሌሊት ቶሎ አይወጣም። ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም ሳሩን እያደረቀ ከነፍሳት ይጠብቀው ነበር። ግድግዳውም እንዲሁ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል፤ መጀመሪያ ይመረጋል፣ ሲደርቅ ይለሰናል። ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ ብርድንም ይቀንሳል። ውሃ ማመላለሱ፣ ጭቃውን መርገጡ፣ በእበት መለቅለቁ በብዙ አካባቢ የሴቶች ሥራ ነበር፤ ዛሬም ነው።

እንጨት በሚያንስበት አገር ብልሃቱ ሌላ ነው። የትግራይ ሕድሞ ግድግዳ በውጭና በውስጥ በድንጋይ ይገነባል፣ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ጣሪያው ላይ ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ ከዚያ ቀጫጭን እንጨት፣ በላዩ ቅጠል ወይም ሳር፣ በመጨረሻም የተደመደመ አፈር ይደረደራል። ይህ ወፍራም አፈር የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቃል። ጎጆውም ሕድሞውም ሰውን ከሰማይ የሚለዩት በአንድ ስስ ነገር ሳይሆን በብዙ ድርብ ነው።

ይህን የለወጠው ቆርቆሮ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አብዛኛው ቤት ሳር ክዳን ነበር። ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበረ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የነጋዴ ቤት መለያ ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ጭነት ማስገባት ቀለለ። በዘመነ ምኒልክ የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ለግድግዳው እንጨት ሆነ። የባሕር ዛፍ ግድግዳ፣ የጭቃ ምርጊትና የቆርቆሮ ክዳን የከተማችን ቤት መልክ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው ቆርቆሮን የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እሳት እንደ ሳር አይበላውም፣ በየጊዜው አይከደንም፣ የዝናብ ውሃም ይሰበሰብበታል። ሳርም እርሻ በሰፋ ቁጥር እየጠፋ ሄደ። ነገር ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ ዝናቡን ስናሸንፍ በሳሩ ውስጥ የነበረውን ሙቀት አጣን። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ወዲያው ይግላል፣ ሌሊት ወዲያው ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ባዶ ቆርቆሮ ሥር የተኛ ሕፃን ብርዱን ያውቀዋል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ይሆንና ሊነጋ ሲል አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። በረዶ ሲጥል ደግሞ መደማመጥ አይቻልም።

ለዚህ መልስ የሰጠው ኮርኒስ ነው። ያለው ሰው በጣውላ ሠራው። የሌለው በአቡጀዲ ሠራው፤ አቡጀዲ ሲወደድ በማዳበሪያ ከረጢት። ከረጢቱ ተፈትቶ ይታጠባል፣ እርስ በርሱ ይሰፋል፣ ከዚያ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይመታል፣ በመጨረሻም ቀለም ወይም ኖራ ይቀባል። በግድግዳው ላይ ደግሞ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ የምርጊቱን ስንጥቅ ይደፍናል፣ ንፋስ ይከለክላል። መስፋቱና መለጠፉ በአብዛኛው የእኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው፤ በቤት ሥራ ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ ሲነሣ አንሰማም።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ብዙ የጭቃ ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ዝቅተኛ ነበር፣ ለድሃም ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ እድሳቱ ግን እንደሚገባው አልሄደም። ጣሪያው እየዛገ ሲሄድ ተከራዩ በራሱ አቅም ሊያደርግ የሚችለው ኮርኒሱን ማጠብ፣ መጣፍና መድረብ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅሙ ነገሮችን እንወስዳለን። ብርዱን የሚይዘው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የቀረው አየር ስለሆነ ኮርኒስ ከቆርቆሮው ጋር መለጠፍ የለበትም። ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ክፍተት ካልተደፈነ የክፍሉ ሙቀት በዚያ ያመልጣል። ሁለት ድርብ ከአንድ ይሻላል፤ የረጠበ ድርብ ግን አይጠቅምም፣ ስለዚህ ቀዳዳው ቆርቆሮ አስቀድሞ ይደፈን። ላስቲክ ብቻውን ሲወጠር እርጥበት ያፍናል። የመብራት ሽቦ ከጨርቅ ወይም ከከረጢት ኮርኒስ በላይ ተላልጦ መተው የለበትም፤ እሳት ያስነሣል። ከሰል የሚነድበት ክፍል ደግሞ የቱንም ያህል ቢበርድ የአየር መውጫው አይዘጋ።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አጭር ነው። ለአንዲት እናት ቤት ቆርቆሮ ስትለግሱ ከዝናብ አዳናችኋት፤ ምስጋናችን ከልብ ነው። ከሚቀጥለው ክረምት ጥገና ጀምሮ ግን ኮርኒሱ ከክዳኑ ጋር በአንድ ሂሳብ እንዲያዝ እንጠይቃለን። ከረጢቱን የሚፈቱና የሚሰፉ እጆች በመካከላችን አሉ፤ የሚጎድለን የእንጨቱና የምስማሩ ዋጋ ነው። አባሎቻችንም በየቤታችሁ ያለውን ንጹሕ ከረጢት እንዳትጥሉ፤ ለወርኃዊ ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ።