የትራፊክ ጠበቃ በቨርጂኒያ

የትራፊክ ጠበቃ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ቲኬት የተቆረጠበትን አሽከርካሪ ወክሎ በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የሚከራከር የሕግ ባለሙያ ነው። ቀላል ቲኬት ቀጠሮው ሳይደርስ ከፍሎ መገላገል ይቻላል። መክፈል ግን ጥፋቱን እንደ ማመን ይቆጠራል፤ የጥፋት ነጥብ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ኢንሹራንስም ሊወደድ ይችላል።

ጠበቃ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሬክለስ ድራይቪንግ በሚባለው በግዴለሽነት የማሽከርከር ክስ ነው። በግዛቲቱ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፣ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ማይል መብለጥ እንደ ተራ ቲኬት አይታይም፤ ወንጀል ነው። የቅጣቱ ጣሪያ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ሲሆን፣ ጥፋቱ 6 ነጥብ አስይዞ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። በታክሲና በኡበር ለሚተዳደሩት፣ በአሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ጠበቃው ፖሊስ ፍጥነቱን የለካበትን ራዳር የፍተሻ ሰነድ ይመረምራል፤ የደንበኛውን የመኪና ፍጥነት መለኪያ አስፈትሾ ውጤቱን ያቀርባል፤ ክሱም ወደ ቀላሉ፣ 3 ነጥብ ብቻ ወደሚያስይዘው አግባብ የሌለው አነዳድ እንዲወርድ ይደራደራል። ነጻ እንደሚያወጣ አስቀድሞ ቃል የሚገባ ጠበቃ ግን አይታመንም። ለጥቂት ማይል ብልጫ ጠበቃ መያዝ ብዙ ጊዜ ከቅጣቱ የበለጠ ያስወጣል።

የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ፣ ጉዳዩ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል።