የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ

የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ መርፌው በሸክላው ፈር ውስጥ ሲጓዝ የሚያገኘውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። በተለምዶ ጠቅላላው «መርፌ» ይባላል፤ ሆኖም መርፌው የካርትሪጁ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በብዙዎቹ ካርትሪጆች መርፌው ተነቅሎ በሌላ ሊተካ ይችላል።

ከማጫወቻው ጋር አብሮ የመጣውን ካርትሪጅ በተሻለ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በውጭ ገበያ በግምት ከ100 እስከ 300 የአሜሪካ ዶላር ከሚሸጡት ነው። ምርጫው በዋጋና በስም ብቻ ከተወሰነ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ወሳኙ ነገር የሚጫወተው ሸክላ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ይህም በተለይ የኢትዮጵያን አሮጌ ሸክላዎች ይመለከታል፤ ዋናው ቴፕ የጠፋበት ዘፈን የሚገኘው በሸክላው ፈር ላይ ብቻ ነውና፣ የማይስማማ ወይም ያለቀ መርፌ በተጫወተ ቁጥር ያንን ፈር እየፋቀ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሠራር

ድምፁ የተቀረጸው በፈሩ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች ላይ ነው። ፈሩን የሚነካው የመርፌ ጫፍ በአሁኑ ጊዜ ከአልማዝ ይሠራል። አልማዙ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ ዘንጉም በጎማ ማረፊያ ተደግፎ ይወዛወዛል። ካርትሪጆች ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡበት መንገድ በሦስት ይከፈላሉ።

ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ፦ በዘንጉ መጨረሻ ያለው ማግኔት በቋሚ ጥቅል ሽቦዎች መካከል ይንቀሳቀሳል። የሚሰጠው ምልክት ከ2.5 እስከ 6 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። መርፌው ስለሚነቀል ለመካከለኛ ዋጋ ምርጫ በጣም የተለመደው ይህ ነው።

ተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ ያለው ካርትሪጅ፦ ማግኔቱ ቆሞ ሽቦው ይንቀሳቀሳል። አብዛኞቹ ከግማሽ ሚሊቮልት ያነሰ ምልክት ስለሚሰጡ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋሉ። መርፌው ሲያልቅ በቤት ውስጥ መቀየር አይቻልም።

ሴራሚክ ካርትሪጅ፦ በአሮጌ የሻንጣ ማጫወቻዎችና በርካሽ አዳዲስ ማጫወቻዎች ላይ ይገኛል። ምልክቱ ጠንካራ ስለሆነ ልዩ ማጉያ አይፈልግም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 ግራም በላይ ጫና በሸክላው ላይ ያሳርፋል።

የኢትዮጵያ ሸክላዎችና የፈራቸው ስፋት

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ስም በቴክኒክ የሚለያዩ ዲስኮችን በአንድነት ይጠራል። የፈራቸው ስፋት ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ መርፌ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሸላክ ከተባለው ሙጫ መሰል ነገር የተሠሩ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ተሰባሪ ዲስኮች ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በጀርመን ያስቀዱት ዘፈን የዚህ ዓይነት ነው። ፈራቸው ሰፊ ስለሆነ የጫፉ ሬዲየስ ከ65 እስከ 75 ማይክሮን የሆነ መርፌ ይፈልጋሉ። ለዘመናዊ ሸክላ የተሠራ ቀጭን መርፌ በእነዚህ ላይ ግድግዳውን በደንብ ሳይደገፍ ወደ ፈሩ ወለል ይወርድና በወለሉ ያለውን ቆሻሻና ጭረት ያሰማል። በአንጻሩ በጥንታዊ ባለ መለከት ግራማፎን የሚሠራበት የብረት መርፌ በቪኒል ሸክላ ላይ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

ቀጥለው የመጡት በ1948 የተጀመሩት ባለ 33⅓ ረጃጅም ሸክላዎችና በ1949 የተጀመሩት ባለ 45 ትናንሽ ሸክላዎች ናቸው። ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የቀረበው በ1950ዎቹ መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የታተሙት ሁሉ ሞኖ ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የቀዳው የቤተ እስራኤል ዜማ በ1951 በፎክዌይስ ኩባንያ ሲታተም የዚህ ዘመን ሸክላ ሆኖ ወጣ። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩ በመሆናቸው ይህ ዓይነቱ ሸክላ ለዳባትና ለደባርቅ አካባቢ የድምፅ ታሪክ ቅርብ ነው። ለቀደሙት ሞኖ ሸክላዎች የሚስማማው ጫፍ 25 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን፣ በ18 ማይክሮን መርፌም ያለ ጉዳት ይጫወታሉ።

ሦስተኛው ክፍል በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የታተሙት ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ፣ ፊሊፕስ ኢትዮጵያና ካይፋ ሪከርድስ በዋናነት ባለ 45 ሸክላዎችን አወጡ። አምሃ ሪከርድስ ብቻውን ሥራውን እስካቆመበት እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ አሳትሟል፤ ሸክላዎቹም እንደ ሕንድ፣ ሊባኖስና ግሪክ ባሉ አገሮች ይታተሙ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላን ተካ። ከዘመኑ የተረፉት ብዙዎቹ ሸክላዎች በቡና ቤትና በሻንጣ ማጫወቻ በከባድ መርፌ ደጋግመው የተጫወቱ ናቸው።

አራተኛው ክፍል በውጭ አገር እንደገና የታተሙት አዳዲስ ሸክላዎች ናቸው። ለምሳሌ በ1977 በካይፋ የወጣው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ2014፣ የሙላቱ አስታጥቄ የ1972 አልበም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ደግሞ በ2017 እንደገና ታትመዋል። እነዚህ ፈራቸው ያልተነካ በመሆኑ ጥሩ የመርፌ ጫፍ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል።

የመርፌ ጫፍ ቅርፅ

በመካከለኛ ዋጋ ክልል የድምፅ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከካርትሪጁ አካል ሳይሆን ከአልማዙ ቅርፅ ነው።

ክብ ጫፍ፦ ሬዲየሱ ከ15 እስከ 18 ማይክሮን ነው። ርካሽና ለአገጣጠም ስሕተት ታጋሽ ነው። በፈሩ ጥቃቅን መታጠፊያዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይገባ በሸክላው መጨረሻ ላይ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፆች ይሻክራሉ።

ሞላላ ጫፍ፦ የተለመደው ልኬት 8 በ18 ማይክሮን ነው። ቀጭኑ ጎን ጥቃቅን ሞገዶችን በተሻለ ይከተላል።

የመስመር ጫፍ፦ ፋይን ላይን፣ ሺባታና ማይክሮ ላይን በሚሉ ስሞች ይታወቃል። ከፈሩ ግድግዳ ጋር ከላይ እስከ ታች በረጅም መስመር ስለሚገናኝ ጫናው ይከፋፈላል። ቀደም ሲል በክብ መርፌ ባለቀ ሸክላ ላይ፣ አሮጌው መርፌ ያልነካውን የግድግዳ ክፍል የማግኘት ዕድል አለው። ሆኖም በትክክል ካልተገጠመ ከክብ ጫፍ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ጭረትንም አጉልቶ ያሰማል።

የፈሩ ፍጥነት ቅርፁ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ባለ 33⅓ ሸክላ ሲጀምር ፈሩ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሐል ሲደርስ ግን ወደ 21 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ በአጭር ቦታ ታጭቆ ስለሚቀረጽ ወፍራም ጫፍ አይከተለውም። ባለ 45 ሸክላ በመጨረሻው ላይ እንኳ በሰከንድ 25 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ ችግሩ ትንሽ ይቀላል። ስለዚህ አብዛኛው ሀብቱ ባለ 45 የሆነ ሰው ከጥሩ ሞላላ ጫፍ ብዙ ይጠቀማል፤ ረጃጅም ሸክላ የሚያበዛ ሰው ግን ለመስመር ጫፍ የሚያወጣው ገንዘብ ይክሰዋል።

የታወቁ ምርጫዎች

የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ተከታታይ በ2018 የወጣ ሲሆን፣ በአንድ አካል ላይ ክብ፣ ሞላላ፣ ማይክሮ ላይንና ሺባታ መርፌዎች እየተቀያየሩ ይገጠማሉ። ለ78 ሸክላ የተሠራ መርፌም አለው። የ78ቱ መርፌ ጫና 5 ግራም ሲሆን የሌሎቹ 2 ግራም ስለሆነ፣ መርፌ ሲቀየር ጫናውም መስተካከል አለበት። የተለያየ ዘመን ሸክላ ላለው ሰው ይህ አሠራር ወጪ ይቆጥባል።

በኦርቶፎን 2ኤም ተከታታይ ሬድና ብሉ የሚባሉት አካላቸው ስለሚጋራ፣ ሬድ ያለው ሰው የብሉን መርፌ ብቻ ገዝቶ ማሻሻል ይችላል። ሁለቱም ሞላላ 8 በ18 ማይክሮን ናቸው። የሬድ አልማዝ በብረት መቀመጫ ላይ የተጣበቀ ሲሆን የብሉ ግን ሙሉ አልማዝ በመሆኑ ይቀላል። የብሮንዝና የብላክ መርፌዎች ሌላ አካል ይፈልጋሉ።

ዴኖን ዲኤል-103 በ1960ዎቹ ለጃፓን ራዲዮ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ ያለው፣ ክብ ጫፍ ያለው ካርትሪጅ ነው። ምልክቱ 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ተስማሚ ማጉያ ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ሹር ኩባንያ በ2018 ካርትሪጅ መሥራት አቁሟል። በአሮጌ ማጫወቻ ላይ የሹር ካርትሪጅ ካለ አካሉን ሳይጥሉ በሌሎች አምራቾች የተሠራ ምትክ መርፌ መግጠም ይቻላል።

ከክንድና ከማጉያ ጋር መስማማት

አብዛኞቹ ካርትሪጆች በ12.7 ሚሊሜትር ርቀት ባሉ ሁለት ብሎኖች ይታሰራሉ። ክንዱና ካርትሪጁ በመርፌው የጎማ ማረፊያ ላይ አብረው የሚወዛወዙበት ድግግሞሽ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ መካከል ቢሆን ይመረጣል። ስሌቱ 159ን ለክብደትና ለልስላሴ ብዜት ዳግም ዘር ማካፈል ነው። ለምሳሌ የክንዱ ውጤታማ ክብደት 10፣ ካርትሪጁ 6፣ ብሎኖቹ 1 ግራም ቢሆኑ ድምሩ 17 ይሆናል። በአምራቹ የተጻፈው ልስላሴ 15 ከሆነ ብዜቱ 255፣ ዳግም ዘሩ 16 ያህል ነው፤ ውጤቱም ወደ 10 ኸርዝ ይጠጋል።

ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ 47 ኪሎኦም ግቤት ያለው የፎኖ ማጉያ ይፈልጋል። ማጉያው ምልክቱን ከማሳደግ በተጨማሪ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅና የተጨመረውን ቀጭን ድምፅ ወደ ቦታው ይመልሳል። ከሴራሚክ ወደ ማግኔት ካርትሪጅ የሚሸጋገር ሰው የማጉያውንም ዋጋ አብሮ ማስላት ይኖርበታል።

ሞኖ ሸክላ ሲጫወት በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የሞኖ ቁልፍ መጫን ያለ ወጪ የሚገኝ ማሻሻያ ነው። በሞኖ ፈር ሙዚቃው ያለው ወደ ጎን በሚሄደው እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ከላይ ወደ ታች የሚመጣው የአቧራና የጭረት ድምፅ በከፊል ይጣፋል። ወደ ላይና ወደ ታች የማይለመጥ የጥንት ሞኖ ካርትሪጅ ግን ስቴሪዮ ሸክላን ስለሚያበላሽ በእርሱ ላይ አይጫወትም።

በደጋ አካባቢ አጠቃቀም

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ዳባት ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ እንዲህ ያሉ ከተሞች ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ።

ቅዝቃዜ፦ የመርፌው የጎማ ማረፊያ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ መርፌውም ፈሩን በቀላሉ አይከተልም። አምራቾች የሚሰጡት የጫና መጠን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሆነ ክፍል ነው። በማለዳ ከመጫወት ክፍሉ እስኪሞቅ መጠበቅ ወይም ጫናውን አምራቹ በፈቀደው ክልል ወደ ላይኛው ወሰን ማድረግ ይረዳል። ጫናውን ከተገቢው በታች ማድረግ ሸክላን ያድናል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ የቀለለ መርፌ በፈሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል።

አቧራ፦ በበጋ ደረቅ አየር ቪኒል በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ አቧራን ይስባል። ሸክላው ከመጫወቱ በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ፣ መርፌውም ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በትንሽ ብሩሽ ይጠረጋል። የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ክር ስለሚተው አይመከርም። አልኮል ያለበት ማጽጃ የ78 ሸክላን ሸላክ ስለሚያሟሟ ለቪኒል ብቻ ይውላል።

መብራት፦ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የተላከ፣ ሞተሩ ከመብራቱ ድግግሞሽ ጋር የሚዞር የ60 ኸርዝ ማጫወቻ በትራንስፎርመር ቮልቱ ቢስተካከልም ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ዘፈኑም ወርዶ ይሰማል። ይህን ማንኛውም ካርትሪጅ አያስተካክለውም።

የመርፌ ዕድሜ

ኦዲዮ ቴክኒካ ለክብ ጫፍ 500፣ ለሞላላ 300፣ ለሺባታ 800፣ ለማይክሮ ላይን 1,000 ሰዓት ያህል ዕድሜ ይገምታል። አንድ ገጹ 4 ደቂቃ በሚፈጅ ባለ 45 ሸክላ ሲሰላ፣ 300 ሰዓት 4,500 ገጽ፣ 1,000 ሰዓት ደግሞ 15,000 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ በመግዣ ጊዜ ውድ የሚመስለው የመስመር ጫፍ በሰዓት ሲካፈል ሊረክስ ይችላል። ምትክ መርፌ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ከአሮጌ ማጫወቻ ጋር ከተገኘ ብርቅ ሸክላ ላይ ከመዋሉ በፊት መለወጥ ይኖርበታል።

የምርጫ ቅደም ተከተል

ለመካከለኛ ማሻሻያ የሚመከረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ያሉትን ሸክላዎች በ78፣ በሞኖና በስቴሪዮ መለየት።
2. ሸክላውን ማጽዳትና የመርፌውን ጫና በትንሽ ሚዛን መለካት።
3. የካርትሪጁ አካል ማግኔት ያለውና ደህና ከሆነ የተሻለ መርፌ ብቻ መግዛት።
4. አካሉም መለወጥ ካለበት፣ መርፌው የሚቀያየርና ምትኩ በቀላሉ የሚገኝ ተከታታይ መምረጥ።
5. ለ78 ሸክላ የተለየ መርፌ መያዝ፤ ማጫወቻውም የ78 ፍጥነት እንዳለው አስቀድሞ ማረጋገጥ።
6. ብርቅ የሆነ ሸክላ ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት አብሮ ወደ ዲጂታል መቅዳት፤ ከዚያ በኋላ ለዘወትር ማዳመጫ ቅጂውን መጠቀም።