የሞተር ኮምፒውተርን በራስ ማስተካከል (በባሌ ደጋ)

የሞተር ኮምፒውተርን በራስ ማስተካከል ማለት የመኪና ባለቤት ወይም መካኒክ በላፕቶፕ፣ በስልክና በጥቂት መሣሪያዎች ታግዞ የነዳጁን መጠንና የካንዴላውን እሳት የሚወስነውን ኮምፒውተር (ኢሲዩ) ማንበብ፣ አስፈላጊ ሲሆንም መለወጥ ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሙያ በአብዛኛው የሚነሳው ከእሽቅድምድም ጋር ተያይዞ ነው። በባሌ ደጋ ግን ዋናው ጉዳይ የአየሩ መሳሳት ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል። ከዚያው መንገድ ተገንጥሎ 4,377 ሜትር ወደሆነው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ መኪና ይወጣል።

ከፍታውና ሞተሩ

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ሮቤ ላይ ወደ 75፣ ጎባ ላይ ወደ 72፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 59 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ሮቤ ላይ የአየሩን ሩብ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ ያጣል። ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጎደለውን አየር የሚመልስ የኮምፒውተር ማስተካከያ የለም። “ኮምፒውተሩን ቀይሬ የመኪናህን የቀድሞ ጉልበት እመልስልሃለሁ” የሚል ሰው ሊያደርገው የማይችለውን ቃል እየገባ ነው፤ ተርቦ ለሌለው መኪና ይህን ተስፋ አምኖ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ካርቡሬተር ያለው መኪና አየሩ ሲሳሳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጂግለሩ የሚያሳልፈው ቤንዚን ከአየሩ ጋር እኩል ስለማይቀንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሚኒሞው ይዛባል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ግን የመግቢያውን አየር ግፊት ወይም ክብደት በሴንሰር ስለሚለካ ቤንዚኑን በራሱ ይቀንሳል። ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር የሚለው ምጣኔ ሳነቴ ላይም ያው ነው።

የአየሩ መሳሳት አንድ ጥቅም አለው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ በቀላሉ አያንኳኳም። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ስለሚነድም እሳቱን ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል። ደጋ ላይ በታይሚንግ (በእሳቱ ጊዜ) የሚገኘው ትርፍ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ነው።

አመጣጥ

የመጀመሪያው የሞተር ኮምፒውተር የትኛው እንደሆነ አያስማማም። መልሱ “ኮምፒውተር” በሚለው ውስጥ እንደሚካተተው ነገር ይለያያል።

አንዳንዶች መነሻውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተሠራው ቢኤምደብሊው 801 የተባለ የጀርመን አውሮፕላን ሞተር ላይ ያደርጋሉ። ይህ ሞተር “ኮማንዶጌሬት” የሚባል መቆጣጠሪያ ነበረው። አብራሪው አንድ ማንሻ ብቻ ሲያንቀሳቅስ የነዳጁን መጠን፣ የእሳቱን ጊዜ፣ የአየር መጭመቂያውን ማርሽና የፕሮፔለሩን አቀማመጥ መሣሪያው እንደ ከፍታው ራሱ ያስተካክል ነበር። የሚሠራው ግን በዘይት ግፊትና በጥርስ እንጂ በኤሌክትሮኒክስ ስላልሆነ ሌሎች ከኮምፒውተር አይቆጥሩትም። ለባሌ ሲባል ይህን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ መሣሪያው ሞተሩን የሚያስተካክለው ከፍታ ላይ ለሚሳሳው አየርም ነበርና።

ሌሎች ቅድሚያውን የሚሰጡት ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሠራው፣ ኤሌክትሮጄክተር ለሚባል በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የነዳጅ መርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለራምብለር ሬበል መኪና ታስቦ ነበር፤ በ1958 ደግሞ በጥቂት የክራይስለር መኪኖች ላይ ተገጠመ። በዘመኑ የነበሩት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሙቀትና ንዝረት ስላልቻሉ አብዛኞቹ መኪኖች በኋላ ካርቡሬተር ተገጠመላቸው። የፈጠራ መብቱ ወደ ቦሽ ተላለፈ። ቦሽም እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክን በቮልስዋገን 1600 ላይ አወጣ። ይህ ሥርዓት የነዳጁን መጠን የሚወስነው የመግቢያውን የአየር ግፊት ለክቶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በብዙ የጃፓን መኪኖች የተሠራበትም ይኸው ዘዴ ነው። ዲ-ጄትሮኒክ ግን ፕሮሰሰር አልነበረውም። በማይክሮፕሮሰሰር ከሚሠሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ላይ የተገጠመው ሲሆን እሱም የሚቆጣጠረው እሳቱን ብቻ ነበር። ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ዲጂታል ሣጥን ያገናኘው የቦሽ ሞትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1979 በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ወጣ። ዛሬ “ኢሲዩ” የሚባለው ነገር መነሻ ይህ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

በቤት የሚደረገው ማስተካከል የራሱ ታሪክ አለው። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቺፕ ነቅሎ በሌላ መተካት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ አሜሪካውያን ሜጋስኩዌርት የተባለ፣ ገዢው ራሱ ክፍሎቹን በካውያ እየበየደ የሚገጥመው ኮምፒውተር አስተዋወቁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስፒድዊኖ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች በሚያውቁት አርዱዊኖ ሜጋ ቦርድ ላይ የሚሠራና ፕሮግራሙ ለማንም ክፍት የሆነ ነው።

የትኞቹ መኪኖች?

ደጋው ላይ ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ የሚስተካከል ኮምፒውተር የላቸውም። ዲኤክስ ኮሮላ ካርቡሬተር ነው። የቆዩት አይሱዙ የጭነት መኪኖች፣ የናፍጣ ሃይሶችና 1ኤችዜድ ሞተር ያላቸው ላንድክሩዘሮች ናፍጣውን የሚያገኙት በሜካኒካል ፓምፕ ነው። በአንዳንዱ 1ኤችዜድ ፓምፕ ላይ ለከፍታ ማካካሻ የሚሆን መሣሪያ ተገጥሟል፤ እሱም የሚሠራው ያለ ኮምፒውተር ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላና ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ከናፍጣ ደግሞ ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክስ ኮምፒውተር አላቸው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ አሁን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ከዚህ በኋላ ለረጅም ዓመታት ተጠግነው መሥራት አለባቸው፤ ኮምፒውተራቸውን የማንበብ ችሎታም ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ማንበብ

ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከማንበብ ነው። ለቆየ ቶዮታ የሚያስፈልገው አንድ አጭር ሽቦ ብቻ ነው። ኮፈኑ ሥር “ዳያግኖሲስ” የሚል ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን አለ። በክዳኑ ሥዕል መሠረት ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኙና ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ማለት ይጀምራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ካለ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ካለ በሁለት አኃዝ ይቆጠራል፤ ሁለት ብልጭታ፣ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያ ሁለት ብልጭታ 22 ነው፣ ይህም የራዲያተር ውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 31 የአየር ግፊት ወይም የአየር መጠን ሴንሰር፣ 41 የቤንዚን መስጫው ቢራቢሮ ሴንሰር፣ 52 የማንኳኳት ሴንሰር ነው። ብልሽቱ ከተስተካከለ በኋላ “ኢኤፍአይ” የተባለው ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ ቢነቀል መዝገቡ ይጠፋል። ሽቦው ሌሎቹን ቀዳዳዎች እንዳይነካ ጥንቃቄ ያሻል። ይህ ዘዴ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ስለሚያስተምር ለጀማሪ የሚመከር የመጀመሪያ ልምምድ ነው።

ለአዳዲሶቹ መኪኖች ኢኤልኤም327 የሚባለው፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ አንዳንዱም መልእክት ይቆራርጣል። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ከነበሩ አሮጌ መኪኖች መካከል ከዚህ መሣሪያ ጋር የማይግባቡ አሉ።

ስልኩ ላይ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ጤነኛ መኪና ሮቤም ሆነ ሳነቴ ላይ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ኮምፒውተሩ ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ ከሆነ በአብዛኛው ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። በስንዴ በሚታወቀው በሮቤ ዙሪያ፣ በተለይ በአጨዳ ወቅት፣ አቧራው የአየር መጠን ሴንሰሩን ስስ ሽቦ ሊሸፍነው ስለሚችል ይህን ማየትና ማጽዳት ይቀድማል። ሴንሰር ቆሽሾ እያለ የኮምፒውተሩን ሠንጠረዥ መለወጥ ጥፋቱን መደበቅ ነው።

መጻፍ

የኮምፒውተሩ ውሳኔ በሠንጠረዦች ላይ ይቆማል። አግድም የሞተሩ ዙር፣ ቁልቁል የመግቢያው ግፊት ይጻፋል፤ በየመገናኛው የነዳጅ ወይም የእሳት ቁጥር አለ። አስተካካዩ መኪናውን እየነዳ፣ በጭስ ማውጫው ላይ በገጠመው ሰፊ መለኪያ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር እያነበበ ቁጥሮቹን ያርማል።

ደጋ ላይ የሚማር ሰው በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማያስጠነቅቀው ችግር እዚህ ላይ ይገጥመዋል። ተርቦ የሌለው መኪና ሮቤ ላይ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ቢረገጥ እንኳ ግፊቱ ከ75 ኪሎፓስካል አያልፍም። ከ80 እስከ 100 ያሉት የሠንጠረዡ ረድፎች በፍጹም አይጎበኙም፣ ሊፈተኑም አይችሉም። ያ መኪና ግን ሮቤ ላይ አይቀርም። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን ካለፈ በኋላ በሪራና በሐረና ጫካ በኩል ሲወርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ደሎ መና ይደርሳል፤ እዚያ ግፊቱ 87 ያህል ነው። ያልተፈተኑት ረድፎች ቤንዚን የሚያሳጥሩ ወይም እሳቱን በጣም የሚያስቀድሙ ከሆኑ ሞተሩ ቆላው ላይ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ አስተካካይ የማይደርስባቸውን ረድፎች ቤንዚን አብዝቶ፣ እሳቱንም አዘግይቶ መተው አለበት። ሮቤ ላይ የተገኘውን የታይሚንግ ትርፍም ሮቤ ላይ በተፈተኑት ረድፎች ብቻ መወሰን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ችግር የከባቢ አየሩ ግፊት የሚለካበት ጊዜ ነው። እንደ ሜጋስኩዌርት ያሉ በቤት የሚገጠሙ ኮምፒውተሮች አንድ የግፊት ሴንሰር ብቻ ካላቸው የአካባቢውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፉ ሲከፈት ነው። ጎባ ላይ ተነስቶ ሳይጠፋ ሳነቴን የሚያቋርጥ መኪና የጎባን ቁጥር ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። መፍትሔው አካባቢውን ብቻ ሳያቋርጥ የሚለካ ሁለተኛ ሴንሰር መጨመር ነው። ለባሌ መንገዶች ይህ እንደ ተጨማሪ ምርጫ ሳይሆን እንደ ግዴታ ሊታይ ይገባል።

የፋብሪካውን ኮምፒውተር ለመለወጥ የፈለገ ሰው ከሁሉ በፊት ዋናውን ፋይል አንብቦ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ አለበት። በሚጻፍበት ጊዜ የባትሪው ኃይል ከወረደ ወይም ላፕቶፑ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። መብራት ሊቋረጥ በሚችልበት ቦታ ሁለቱም አስቀድመው መሞላት ይኖርባቸዋል።

መንገድ ላይ መፈተን

የሳነቴ መንገድ በአጭር ርቀት ትልቅ የከፍታ ልዩነት ስላለው የሞተሩን ቁጥሮች ለመመዝገብ እጅግ ምቹ ነው። መንገዱ ግን የሚያልፈው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ በመኪና ተገጭተው የሞቱም አሉ። የፍጥነትና የሙሉ ጉልበት ሙከራ እዚያ መደረግ የለበትም። ምዝገባው በዝግታ በመንዳት፣ ስልኩን ረዳት ይዞት እንጂ ሾፌሩ እያየው ሳይሆን ይከናወናል። ሌሊት አምባው ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ እንደሚወርድ ተመዝግቧል፤ የጠዋት አነሳስን የሚወስነውን የሙቀት ሠንጠረዥ ለመፈተን ይህ አጋጣሚ ይጠቅማል።

ሕግ

ተሽከርካሪዎች፣ ኮምፒውተራቸው የተለወጠውም ጭምር፣ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት ይመረመራሉ፤ ቦሎ የሚታደሰውም ከዓመታዊው ምርመራ በኋላ ነው።