ትንባሆ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ፦ ከፈዋሽ ቅጠልነት እስከ ንጉሥ ውግዘት

የአንድ መድኃኒት ዝና ከማስረጃው ሲቀድም ምን እንደሚከተል ለመረዳት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝ የገባውን የትንባሆ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ይህ ታሪክ በሐኪሞች መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በባለቅኔዎችና በተውኔት ጸሐፊዎች ሥራዎችም ተመዝግቦ ይገኛል።

በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር የሚመጡ ብዙ ዕፀዋት በመጀመሪያ የሚታወቁት በመድኃኒትነታቸው ነበር። የሴቪሉ ሐኪም ኒኮላስ ሞናርዴስ፣ ራሱ ወደ አሜሪካ ሳይሻገር፣ በመርከብ ስለሚመጡት የዚያ ምድር ዕፀዋት የጻፈውን መጽሐፍ ጆን ፍራምፕተን የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1577 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ትርጉሙም ከአዲሱ ዓለም የመጣ የምሥራች የሚል ስያሜ ተሰጠው። በመጽሐፉ ውስጥ ትንባሆ ለራስ ምታት፣ ለጥርስ ሕመም፣ ለሆድ ትላትልና ለቁስል እንደሚበጅ ተዘርዝሯል። በሽታ የሚመነጨው ከአራቱ የሰውነት ፈሳሾች መዛባት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ሙቅና ደረቅ ባሕርይ አለው የተባለው ትንባሆ ቀዝቃዛውንና እርጥቡን አክታ ያደርቃል የሚለው አስተሳሰብ ለዘመኑ ሰው አሳማኝ ነበር።

ደራስያኑም ይህን እምነት ተቀበሉት። ኤድመንድ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው የተረት ንግሥት በተሰኘው ረጅም ግጥሙ፣ ቤልፊቢ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የቆሰለውን ወጣት ለማዳን ከምትፈልጋቸው ዕፀዋት መካከል ትንባሆን በቅዱስነት አሞግሶ ጠርቶታል። ሥነ ጽሑፍ በዚህ መልኩ ለመድኃኒቱ ምስክር ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ግን መድረኩ መጠራጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1598 በታየው የቤን ጆንሰን ተውኔት፣ ቦባዲል የተባለው ጉረኛ ወታደር በሩቅ አገር ሳለ ለ21 ሳምንታት ያለ ምንም ምግብ በትንባሆ ጭስ ብቻ እንደኖረ ይናገራል። ውኃ ሻጩ ኮብ በበኩሉ ትንባሆ ሰውን በጭስ ከማነቅ በቀር ምንም እንደማይጠቅም፣ በአንድ ቤት ውስጥም አራት ሰዎች በእርሱ ሳቢያ እንደሞቱ ያወራል። ተመልካቹ በሁለቱም ይስቃል፤ ሁለቱም ወሬ እንጂ ማስረጃ አልነበራቸውምና።

ክርክሩን ወደ ተሻለ ደረጃ ያደረሰው ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 ስሙን ሳይገልጽ ባወጣው ትንባሆን የሚያወግዝ ድርሳን፣ ሕመም ጫፍ ከደረሰ በኋላ በተፈጥሮ ሂደቱ ሲቀንስ፣ በዚያው ጊዜ ትንባሆ የወሰደው በሽተኛ የዳነው በትንባሆው እንደሆነ እንደሚቆጥር አስረዳ። ይህ ዛሬም በየሕክምና ክፍላችን የሚያጋጥመን ስሕተት ነው። ሆኖም ድርሳኑ ጉድለት ነበረበት፤ ንጉሡ ልማዱን የነቀፈው ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በነበረው ንቀት ጭምር እንጂ ጉዳቱን መርምሮና ለክቶ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በአንድ ፓውንድ ትንባሆ ላይ ይከፈል የነበረው ቀረጥ ከ2 ፔንስ ወደ 6 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ከፍ ተደረገ። ነገር ግን ጆን ሮልፍ እ.ኤ.አ. በ1612 ገደማ በቨርጂኒያ ያመረተው ትንባሆ ውሎ አድሮ የዚያች ቅኝ ግዛት ዋነኛ የንግድ ሰብል ሲሆን፣ የንጉሡ ግምጃ ቤትም ከገቢው ተጠቃሚ ሆነ። ውግዘቱ በመጽሐፍ ቀረ፤ ንግዱ ቀጠለ።

ንጉሡ የጠቆመውን የአስተሳሰብ ስሕተት ለማስወገድ የሚያስችል ንጽጽር በትንባሆ ላይ በሰፊው የተካሄደው ብዙ ቆይቶ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ይህ በሽታ ከሌለባቸው 709 ሕሙማን ጋር አነጻጽረው፣ ሲጋራ ማጨስ ከበሽታው ጋር ያለውን ጥብቅ ግንኙነት አሳዩ። ከንጉሡ ድርሳን እስከዚህ ጥናት 346 ዓመታት አልፈዋል።

ስፔንሰር ውሸታም አልነበረም፤ የዘመኑ ሐኪሞች የነገሩትን በውብ ቋንቋ አስተላለፈ እንጂ። ስለሆነም ኃላፊነቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በእኛ በጤና ባለሙያዎች ላይ ነው። ስለ አዲስ መድኃኒት የምንናገረው ቃል ከእኛ አፍ ከወጣ በኋላ ሌሎች ያስውቡታል፤ ለመመለስ ግን ትውልዶችን ሊጠይቅ ይችላል።