ጡረታና የጓዳ ሥራ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። ቁጥር 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። ለዚህ ድልድል በልማድ የሚሰጠው ምክንያት፣ ባል እንጀራውን ከውጭ ያመጣል፣ ሚስትም በጓዳ ታሰናዳለች የሚል ነው።

ጡረታ ሲመጣ ግን ምክንያቱ በአንድ ወገን ይፈርሳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የመንግሥት ሠራተኛን የመጦሪያ ዕድሜ 60 ዓመት አድርጎ ደንግጎ ነበር። የባል የአገልግሎት ዘመን ተቆጥሮ መዝገቡ ሲዘጋ፣ ለሚስቲቱ ቡኮና ምጣድ፣ ለእጥበትና ለጠረጋ የተወሰነ የመሰናበቻ ዕድሜ የለም። የሞተር ወፍጮና የኤሌክትሪክ ምጣድ የመፍጨትንና የማገዶን ድካም በእጅጉ አቃለዋል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያ ሥራውን ያሳጥራል እንጂ ሠሪውን አይለውጥም።

ሕጉ ከ40 ዓመት በኋላ ተሻሻለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የባልን አለቅነት አስቀርቶ፣ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው፣ የመከባበርና የመደጋገፍ ግዴታም እንዳለባቸው ደነገገ። ወጡን ማን እንደሚሠራ፣ ዕቃውን ማን እንደሚያጥብ ግን አልዘረዘረም፤ ይህን ለተጋቢዎቹ ስምምነት ተወው።

ስለሆነም ጡረተኛው ባል ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምሳና ቡና የሚጠብቅበት ምክንያት ከሕግም ሆነ ከሥራ ጫና ሊመነጭ አይችልም። የቀረው ልማድ ብቻ ነው። እርሱንም ሁለቱ ተነጋግረው ሊያሻሽሉት ይችላሉ።