ከባድ ቃል፦ መሰላል ወይስ አጥር?

እንግሊዝኛውን ለማሻሻል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ደብተር ነው። ገጹ በመስመር ለሁለት ይከፈልና በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺው ይሰፍርበታል። በቀን አሥር፣ በቀን ሃያ ቃል እየተባለ ሲሸመደድ ይከረማል። ቃሉ በረዘመና ባልተለመደ ቁጥር የሸምዳጁም ክብር ከፍ ይላል። በየሰፈራችን «እገሌ እኮ ዲክሽነሪ በቃሉ ነው የሚያውቀው» የተባለለት አንድ ሰው አይጠፋም። እኔ ባደግሁበት ሰፈርም ነበር። ልጆች ሁሉ በአድናቆት ከበን እንሰማው ነበር፤ የሚናገረውን ግን ማናችንም አንረዳውም።

ለመሆኑ ከባድ የሚባሉትን ቃላት ከባድ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ዝርዝራቸውንስ መጀመሪያ ያወጣው ማነው? ለማን ብሎስ ነው? ነገሩ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ታሪክ ማወቅ ጥቂት መቶ ቃላት ከመሸምደድ ያላነሰ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀለም ቀንድ ጠብ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ዛሬ የምናውቀው የዓለም ቋንቋ አልነበረም። የሃይማኖት፣ የሕክምናና የፍልስፍና ሊቃውንት የሚጽፉት በአብዛኛው በላቲን ነበር። መጻሕፍቱ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ሲጀምሩ ተርጓሚዎቹ ቃል እየጠፋባቸው ከላቲንና ከግሪክ በገፍ ተበደሩ። ተራው ሕዝብ የማያውቀው ቃል ገጹን ሞላው። ተቺዎችም «እነዚህ ከአፍ የወጡ ሳይሆኑ ከቀለም ቀንድ የተቀዱ ናቸው» በማለት «የቀለም ቀንድ ቃላት» የሚል ስም አወጡላቸው። የቀለም ቀንድ ለእኛ ባዕድ ዕቃ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቀለማቸውን በቀንድ ይይዙ ነበር።

ቶማስ ዊልሰን የተባለው ጸሐፊ በ1553 ስለ ንግግር ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ቃላት የታጨቀ የማሾፊያ ደብዳቤ አስገባ። አንባቢ እንዲስቅባቸው ከደረደራቸው ቃላት መካከል «ሴሌብሬት» እና «ካፓሲቲ» ይገኙበታል። ዛሬ በእነዚህ ቃላት የሚስቅ እንግሊዛዊ የለም። ሁለተኛው ቃል እንዲያውም በእኛ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ ሳይቀር ከአማርኛው ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ የነበረው «አድጁቬት»፣ ማለትም «ረዳ»፣ ግን ሞቶ ተቀብሯል።

በካምብሪጅ የግሪክ ቋንቋ መምህር የነበረው ሰር ጆን ቺክ ደግሞ ከዊልሰን ባሰ። እንግሊዝኛ ሳይበደር በራሱ ቃላት መጻፍ አለበት ባይ ነበር። የማቴዎስን ወንጌል መተርጎም ሲጀምር ከላቲን የመጣውን «ሴንቹሪየን» ትቶ መቶ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቁጥር «ሀንድረደር» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ የሚያስቅ አይደለም፤ እኛም ያንኑ ሰው የመቶ አለቃ ነው የምንለው። በእንግሊዝ ግን የቺክ ቃል አልያዘም። ተቺ ስለነቀፈው የሚሞት፣ ሊቅ ስለፈጠረው የሚኖር ቃል የለም። የሚያኖረውም የሚቀብረውም ተናጋሪው ነው።

መሰላሉን ያቆመው መምህር

በዚህ ጠብ መካከል የተጎዳው ላቲን የመማር ዕድል ያላገኘው ሰው ነበር። ስብከት ይሰማል፣ መጽሐፍ ይገዛል፤ ግን ግማሹ አይገባውም። በዚያ ዘመን የላቲን ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ለወንዶች ስለነበር ከሁሉ የባሰው የሴቶቹ ዕጣ ነበር።

ሮበርት ካውድሪ የገጠር መምህርና ቄስ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ጋር ባለመስማማቱ ከሹመቱ ተነስቷል። ይህ ሰው በ1604 ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ የሚጠጉ ከባድ ቃላትን በፊደል ተራ ደርድሮ ከአጭር ፍቺያቸው ጋር አሳተመ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ይህ ነው። መጽሐፉን ያዘጋጀው ለሴቶችና ትምህርት ላላገኙ ሰዎች መሆኑን በሽፋኑ ገጽ ላይ በግልጽ አስፍሯል። አንባቢው በፊደል ተራ መፈለግን እንኳ ስለማያውቅ በ«ኤ» የሚጀምረውን ቃል በመጽሐፉ መጀመሪያ፣ በ«ቪ» የሚጀምረውን ወደ መጨረሻው ፈልጉ እያለ በትዕግሥት ያስረዳል። የመጀመሪያው እትም ዛሬ በዓለም ላይ የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን እሱም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የካውድሪ ዝርዝር የሚጀምረው «አባንደን» በሚለው ቃል ነው። ያን ጊዜ ፍቺ የሚያስፈልገው ከባድ ቃል ነበር፤ ዛሬ የእኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ «ተወ፣ ጥሎ ሄደ» ብሎ ይፈታዋል። ክብደት ከቃሉ ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ ተገኘለት። ሄንሪ ኮከራም በ1623 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነገሩን የገለበጠ ክፍል አለ። በዚህ ክፍል አንባቢው ተራውን ቃል ይፈልግና በፋንታው የሚጠቀምበትን ያጌጠ ቃል ያገኛል። የካውድሪ መጽሐፍ ያልተማረው የተማረውን እንዲረዳ የቆመ መሰላል ነበር። ይህኛው ክፍል ግን ተራው ሰው የተማረ እንዲመስል የሚረዳ መዋቢያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓላማዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። በየደብተራችንም እስከ ዛሬ ሲታገሉ እናያቸዋለን።

ቃል በገበያና በፈተና

በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ከአርባ ሁለት ሺህ በላይ ቃላት የያዘውን ታላቅ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ከባዱንም ቀላሉንም ቃል ከታወቁ ደራስያን በተወሰዱ ጥቅሶች እያስደገፈ አብራራ። መዝገበ ቃላት የከባድ ቃላት ዝርዝር ብቻ መሆኑ እየቀረ መጣ። ዝርዝሩ ግን አልሞተም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንደገና ነፍስ ዘራ።

ሰኔ 23 ቀን 1926 «ኤስ ኤ ቲ» የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የቃላት ጥያቄ ትልቅ ቦታ ነበረው። ዊልፍሬድ ፈንክ በ1945 በ«ሪደርስ ዳይጀስት» መጽሔት ላይ ታዋቂውን የቃላት መፈተኛ ዓምድ ጀመረ። ኖርማን ሉዊስ በ1949 ያወጣው የቃላት መማሪያ መጽሐፍም እስከ ዛሬ እየታተመ ይሸጣል። የመጽሔቱን አሮጌ ቅጂዎች ከመጻሕፍት ሻጮች እየገዛሁ አስቀድሜ የምገልጠው ያንኑ ገጽ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሥራ አምስት አግኝቶ እንደ መኩራት የሚጣፍጥ ነገር አልነበረም።

የሚገርመው ግን አጥሩን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ቀስ በቀስ ማፍረሳቸው ነው። «ኤስ ኤ ቲ» የተቃራኒ ቃል ጥያቄዎችን በ1994፣ የቃላት ማነጻጸሪያዎችን በ2005 አስወጣ። በ2016 ደግሞ እምብዛም የማይሠራባቸውን ቃላት መጠየቅ ትቶ በምንባብ ውስጥ ያለን ቃል ትርጉም ወደ መጠየቅ ዞረ። በነጠላ የተሸመደደ ቃል የማንበብ ችሎታን በሚገባ አይለካም የሚለው ትችት በመጨረሻ ሰሚ አገኘ።

ቃልና ባልንጀራው

ይህን ነጥብ ቀደም ብለው ያዩት በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ መምህራን ናቸው። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ በ1924 ወደ ጃፓን ሄዶ ማስተማር ጀመረ። የተማሪዎቹ ችግር የቃሉን ፍቺ አለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ አለማወቅም ጭምር እንጂ። እንግሊዛዊ ስህተትን «ሜክ»፣ የቤት ሥራን «ዱ»፣ ወንጀልን «ኮሚት» ያደርጋል። ሦስቱም በአማርኛ «ሠራ» ሊባሉ ይችላሉ።

በእኛም ቋንቋ ያው ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል። አንድ የውጭ አገር ሰው «ጠላ ጋገርኩ» ቢለን የእያንዳንዱን ቃል ፍቺ ማወቁን አንክድም፤ መሳቃችን ግን አይቀርም።

ሆርንቢ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለዚህ የሚሆን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ቆየ። በታኅሣሥ 1941 ጃፓን ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ስትገጥም እሱ በጠላት ዜግነት ታሰረ፤ በ1942 ወደ አገሩ ተመለሰ። መጽሐፉ ግን በዚያው በ1942 ጦርነቱ ሳያግደው ቶኪዮ ላይ ታተመ። በ1948 ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አወጣው። ዛሬ በከተማችን ተማሪዎች እጅ የምናየው ወፍራሙ የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የዚያ መጽሐፍ ዘር ነው።

እኛና ሰዋስው

በአገራችን ከ1941 የነጻነት ዓመት በኋላ እንግሊዝኛ የዘመናዊው ትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1960ዎቹ የአንደኛ ደረጃው ወደ አማርኛ ሲዞር፣ በ1994 ፖሊሲ ደግሞ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲዞር፣ ሁለተኛ ደረጃውና ከፍተኛ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። እንግዲህ ለእኛ ልጅ ከባድ ቃል የመዋቢያ ጉዳይ አይደለም። የፊዚክሱን ሕግ እያወቀ የጥያቄው አንድ ቃል ካልገባው ነጥቡን የሚያጣው በፊዚክስ ነው። ካውድሪ የተቆረቆረለት ሰው ዛሬ በየወረዳው ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

መሣሪያው ፈጽሞ አልጠፋም። በ1973 ብቻ ሁለት ሥራዎች ታትመዋል። አንደኛው አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የተረጎመበት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የራሳችን ዘዴ ነበረን። በግዕዝ «ሰዋስው» ማለት መሰላል ነው። የጥንት ሊቃውንት የግዕዝን ቃላት ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር የዘረዘሩባቸውን መጻሕፍት የጠሩት በዚሁ ስም ነው። የቅኔ ተማሪም ግሱን ከነእርባታው እንጂ ነጠላ ቃል ለብቻው አይማርም። በ1948 በእኛ አቆጣጠር የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ቃላቱን ያሰባሰበው በየሥራቸው ነው።

ይህ ዘዴ ለእንግሊዝኛም ይሠራል፤ ከላቲን የመጡት ቃላት እንደ ግዕዙ ቤተሰብ አላቸውና። «ስክራይብ» ወይም «ስክሪፕት» የሚለው ሥር «ጻፈ» ማለት ነው። «ማኑ» ደግሞ እጅ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ማኑስክሪፕት»፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ይሆናሉ። «ኢንስክሪፕሽን» በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። «ፕሪስክሪፕሽን» መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ የሚጽፈው ወረቀት ነው። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ የሚለውን ዘር ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

የትኞቹን ቃላት እናስቀድም ለሚለውም መልስ አለ። የኒውዚላንዷ ተመራማሪ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 የከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎችን መርምራ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለየች። እነዚህ ብቻ ከአንድ የትምህርት መጽሐፍ ቃላት አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት «አናላይዝ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉ ቃላት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሰው በአድናቆት የሚያጨበጭብለት ቃል የለም። የፈተናውን ጥያቄ፣ የመማሪያውን ገጽና የሥራ ማስታወቂያውን የሚከፍቱት ግን እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ደብተሩ ይቅር አልልም። በግራና በቀኝ የተከፈለው ገጽ ግን አንድ ሦስተኛ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቃሉ ከነዘመዶቹና ከነባልንጀራው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚኖርበት ቦታ። ቀኑን ሃያ ቃል ከመሸምደድ አራት ቃል በዚህ መንገድ መያዝ ይሻላል። አንድ ቃል ተምረን ለሌላው ማስረዳት ከቻልን ካውድሪ እንዳደረገው መሰላል አቁመናል ማለት ነው። ሌላውን ዝም ለማሰኘት ብቻ ከያዝነው ግን አጥር ላይ አንድ እንጨት ጨምረናል።