ከጡሩምባ እስከ ሞግ፦ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ስሞች አጠራር

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን በአንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ዕጩ መምህር የአንዱን ሲንተሳይዘር ስም «ሙግ» ብሎ ቢጠራ ጓደኞቹ ሳቁበት። እኛም ልናርመው ተነሥተን ሳለ «ትክክለኛው የማን አጠራር ነው?» የሚል ጥያቄ መጣብንና ዝም አልን። በኋላ ነገሩን ብንመረምረው ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘነው።

«ጡሩምባ» እና «ትራምፔት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የፊተኛው ከጣልያንኛው «ትሮምባ» ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ የኋለኛው የእንግሊዝኛ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው በ«ጠ» እና በ«ተ» መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቀደም ባለው ዘመን ከግሪክና ከጣልያን ወገን የገቡ ቃላት «ጠ» እና «ጰ»ን ይዘው ይገኛሉ፤ ጴጥሮስ፣ ጠረጴዛ፣ ጣልያን የሚሉት ምስክሮች ናቸው። የእነዚያ ቋንቋዎች «ት» እንደ እንግሊዝኛው ትንፋሽ ስለማይከተለው ለአባቶቻችን ጆሮ «ጠ» ቀረበ። በዘመናዊው ትምህርት ቤት በኩል የመጡት ትራምፔት፣ ክላሪኔት፣ ፒያኖ ግን በ«ተ» እና በ«ፐ» ጸኑ። እንግዲህ የቃሉን ዕድሜ በአብዛኛው ፊደሉ ይነግረናል።

«ኦርጋን»ማ ወደ አገራችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው! አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ15ኛው መቶ ዓመት መባቻ ለደረሰው የማርያም ምስጋና «አርጋኖነ ውዳሴ» የሚል ስም ሲሰጥ ቃሉ ከግሪክ ወደ ግእዝ ገብቶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ቃል ከነመሣሪያው በእንግሊዝኛ አነጋገር ተመልሶ መጣ፤ ዘመድነታቸውን የሚያስታውስ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከሩሲያ ንጉሥ በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሆኑ። ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ብዙ ተጫዋቾችን አሠለጠኑ። ሩሲያዊው፣ አርመኑ፣ ኦስትሪያዊው እያንዳንዱ የገዛ አንደበቱን ይዞ ነው የመጣው። ተማሪውም የመሣሪያውን ስም በአመዛኙ ከአስተማሪው አፍ እንጂ ከመጽሐፍ አልተማረውም። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላና ፉከራ ሲያሰሙ አድማጩ የመሣሪያውን ስም እንዴት እንደሚጠሩት አልጠየቃቸውም። (ስሙ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ መብቱን ካስመዘገበው ከቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ የተወሰደ ነው።)

ወደ ዕጩ መምህራችን እንመለስ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሞግ የቤተሰቡን ስም የሚጠራው በ«ሞ» ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፉን ብቻ ያየ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ «ሙግ» ይላል። ስለዚህ የኛ ልጅ የሳተው ከፈረንጆቹ ጋር ሆኖ ነው። ለተማሪዎች ማስታወሻ እንዲሆን «ሞገድ» የሚለውን ቃል ሰጠናቸው፤ መሣሪያውም ድምፁን የሚፈጥረው ከኤሌክትሪክ ሞገድ ነውና። በአዲስ አበባ ሒልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ባሳተሙት «ሸሞንሟናዬ» ካሴት አኮርዲዮንን ከሞግ ጋር አጣምረዋል።

ጃፓናውያኑ ይህን ችግር አስቀድመው ሳያዩት አልቀሩም። ኢኩታሮ ካኬሃሺ እ.ኤ.አ. በ1972 ኩባንያውን ሲመሠርት «ሮላንድ» ያለው በየአገሩ ለመጥራት እንዲቀል ነው። «ያማሃ» ደግሞ የመሥራቹ የቶራኩሱ ያማሃ ስም ሲሆን፣ በፊደላችን ስንጽፈው ከጃፓንኛው አጠራር እምብዛም አይርቅም። በየትኛው «ሃ» ይጻፍ ብለን ብንከራከር እንኳ ድምፁ አንድ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዕጩ መምህሩ አኮርዲዮኑን አንሥቶ ተጫወተ። ቀድሞ ከሳቁት አንዱም ጣት አቀማመጡን እንዲያሳየው ለመነው።